አኩፕሬሸር በምጥ ጊዜ፦ ጥቅሙ፣ ወሰኑና የእናቶች የወሊድ ተሞክሮ

አኩፕሬሸር በሰውነት ላይ የሚገኙ የተወሰኑ ነጥቦችን ያለ መርፌና ያለ መድኃኒት፣ በአውራ ጣት፣ በመዳፍ ወይም በጣት አንጓ በመጫን ሕመምን ለማስታገስ የሚሠራበት ዘዴ ነው። መነሻው ከ2,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ባህላዊው የቻይና ሕክምና ሲሆን፣ በመርፌ ከሚከናወነው አኩፓንክቸር ጋር አንድ ዓይነት ነጥቦችን ይጋራል። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በምጥ ላይ ባሉ እናቶች ዘንድ ያለው ውጤት በደቡብ ኮሪያ፣ በታይዋን፣ በኢራን፣ በብራዚል፣ በአውስትራሊያና በሌሎች አገሮች ተጠንቷል። ይህ ጽሑፍ ጥናቶቹ ያሳዩትንና ያላሳዩትን ለይቶ ያቀርባል፤ ዘዴው በጤና ተቋም ውስጥ እንዴት እንደሚሠራበትና ፈጽሞ ሊደረግ የማይገባው ምን እንደሆነም ያብራራል።

እናት ከወሊዷ የምታስታውሰው

የወሊድ አገልግሎት ጥራት ለረጅም ጊዜ ሲለካ የኖረው እናትና ሕፃን በሕይወት መትረፋቸውን በማየት ነው። ይህ መለኪያ ትክክለኛና ቀዳሚ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። አንዲት እናት በጤና ወልዳ ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላም ከወሊዷ ጋር የተያያዘ ፍርሃት፣ ሐፍረት ወይም ቁጭት ለዓመታት ሊቆይባት ይችላል። በተቃራኒው፣ ምጧ ረጅምና ከባድ የነበረ እናት ያንን ቀን በኩራት ልታስታውሰው ትችላለች።

ልዩነቱን የሚፈጥረው የሕመሙ መጠን ብቻ እንዳልሆነ ካናዳዊቷ ተመራማሪ ኤለን ሆድኔት እ.ኤ.አ. በ2002 ባቀረቡት ሰፊ የጥናቶች ግምገማ አሳይተዋል። በግምገማው መሠረት እናቶች በወሊዳቸው መርካታቸውን ወይም አለመርካታቸውን ከሁሉ በላይ የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው፦ አስቀድመው የነበራቸው ግምት፣ ከባለሙያዎች ያገኙት ድጋፍ፣ ከባለሙያዎቹ ጋር የነበራቸው ግንኙነትና በውሳኔ ላይ የነበራቸው ተሳትፎ። እ.ኤ.አ. በ2010 በስዊድን የተዘጋጀው የወሊድ ተሞክሮ መጠይቅም እናቶችን የሚጠይቀው ስለ ራሳቸው አቅም፣ ስለ ባለሙያ ድጋፍ፣ ስለ ደኅንነት ስሜትና ስለ ተሳትፎ ነው። አኩፕሬሸርን በትክክለኛ ቦታው ለማስቀመጥ ይህን መነሻ መያዝ ያስፈልጋል፤ ዘዴው ሕመምን የሚነካውን ያህል ከእናትየዋ አጠገብ ሰው መኖሩንም የሚጠይቅ ነውና።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ተጨማሪ ትርጉም አለው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በጤና ተቋም የሚከናወነው ወሊድ እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ 5 ያህል ነበር፤ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 ከመቶ ከፍ ብሏል። ዕድገቱ ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ በ2019ኙ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወሊድ አሁንም ከተቋም ውጪ የተከናወነ ነበር። የመንገድ ርቀት፣ የትራንስፖርት እጦትና የገንዘብ ችግር ዋና ዋና ምክንያቶች ናቸው፤ አቀባበሉም ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። በመጀመሪያ ወሊዷ ማንም ሳያጽናናት ብቻዋን ያማጠች እናት ለሁለተኛው ልጇ ወደዚያው ተቋም ለመመለስ ታመነታለች፤ የጎረቤቶቿም ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚመዘነው እሷ በነገረቻቸው ነው።

ግፊት ሕመምን እንዴት ያስታግሳል?

ባህላዊው የቻይና ሕክምና የዘዴውን አሠራር የሚያስረዳው በሰውነት ውስጥ በተወሰኑ መስመሮች ይፈስሳል በሚባል የሕይወት ኃይል ነው። የዘመናዊው ሕክምና ማብራሪያ ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት በአከርካሪ ውስጥ ባለ “በር” እንደሚያልፍ የሚገልጽ ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። ከቆዳና ከጡንቻ የሚመጣ የመነካትና የግፊት ስሜት በዚሁ በር በኩል ስለሚያልፍ የሕመሙን መልእክት ያዳክመዋል። እንቅፋት የመታው ሰው ሳያስበው እግሩን ጨብጦ የሚያሸው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም ሌላ፣ የማያቋርጥ ጠንካራ ግፊት ሰውነት ራሱ የሚያመነጫቸውን የሕመም ማስታገሻ ንጥረ ነገሮች ሊያነቃቃ እንደሚችል ይታሰባል።

የፍርሃትም ድርሻ ቀላል አይደለም። የፈራች እናት ጡንቻዎቿ ይወጣጠራሉ፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ሕመሙም ይብስባታል። ምጥ በመጣ ቁጥር የምትጠብቀው የታወቀ እጅ መኖሩ ይህን ዑደት ያላላል።

ጥናቶቹ ምን አሳዩ?

እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ የደቡብ ኮሪያ ጥናት 75 እናቶችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ቡድን በእግር ውስጠኛ ጎን ያለውን ነጥብ ለ30 ደቂቃ በመጫን፣ ለሌላው ደግሞ ያንኑ ነጥብ ሳይጫኑ በመንካት ብቻ ውጤቱን አነጻጽሯል። ነጥቡ የተጫነላቸው እናቶች የገለጹት ሕመም ያነሰ ነበር፤ የምጡም ጊዜ አጥሯል። የዚህ ጥናት ጥቅሙ አቀራረቡ ላይ ነው፤ ሁለቱም ቡድኖች አጠገባቸው ሰው ነበር፣ ሁለቱም ተነክተዋል። ስለዚህ ልዩነቱን አብሮ በመሆን ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

ከአንድ ጥናት ይልቅ የብዙ ጥናቶች ድምር የበለጠ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮክሬን ተቋም 28 ጥናቶችን ገምግሟል፤ በጥናቶቹ ውስጥ የተካተቱት እናቶች 3,960 ሲሆኑ፣ 15ቱ ጥናቶች ስለ አኩፕሬሸር የተደረጉ ነበሩ። የግምገማው መደምደሚያ ጥንቁቅ ነው፦ አኩፕሬሸር ከተለመደው እንክብካቤ ጋር ሲነጻጸር የምጥ ሕመምን መጠን ሊቀንስ ይችላል፤ የማስረጃው ጥራት ግን ከፍ ያለ አይደለም፤ ተጨማሪ ጥናትም ያስፈልጋል። “ሊቀንስ ይችላል” የሚለው ቃል እንዳለ መወሰድ አለበት። ሕመምን ያጠፋል ማለት አይደለም፤ ለሁሉም እናት እኩል ይሠራል ማለትም አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ከአውስትራሊያ የወጣ ሌላ ጥናት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። በሲድኒ በሚገኙ ሁለት ሆስፒታሎች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወልዱ 176 እናቶች የተሳተፉበት ሲሆን፣ ከፊሎቹ ከአጋራቸው ጋር ሆነው አኩፕሬሸርን፣ አተነፋፈስን፣ ማሸትን፣ ዮጋንና የማዝናኛ ስልቶችን ተምረዋል። ከተማሩት መካከል ኤፒዱራል የተባለውን የአከርካሪ ማደንዘዣ የወሰዱት 23.9 ከመቶ ሲሆኑ፣ ካልተማሩት ግን 68.7 ከመቶ ነበሩ። በቀዶ ሕክምና የወለዱትም ከተማሩት 18.2፣ ካልተማሩት 32.5 ከመቶ ናቸው። ቁጥሮቹ አስደናቂ ናቸው፤ ነገር ግን ስልቶቹ ሁሉ በአንድ ላይ ስለተሰጡ ከውጤቱ ምን ያህሉ የአኩፕሬሸር ድርሻ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ምናልባትም ዋናው ትምህርት እናትየዋና አጋሯ ምጥን ምን ይዘው እንደሚጠብቁት አስቀድመው ማወቃቸው ሊሆን ይችላል።

ምጥን ለማስጀመር ግን አኩፕሬሸር አይመከርም። በዚህ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኮክሬን ግምገማ በአኩፓንክቸርም ሆነ በአኩፕሬሸር በቀዶ ሕክምና የመውለድን መጠን የሚቀንስ ግልጽ ጥቅም አላገኘም። የመውለጃ ጊዜዋ ያለፈ እናት በቤቷ ሆና ነጥብ እያስጫነች መጠበቅ የለባትም። የዓለም የጤና ድርጅት 41 ሳምንት ለሞላት እናት ምጥ በሕክምና እንዲጀመርላት ስለሚመክር፣ ከዚያ በፊት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርባታል።

ነጥቦቹና አጫጫናቸው

ለምጥ የሚመረጡት ነጥቦች ጥቂት ናቸው። በአብዛኛው ቶሎ እፎይታ የሚሰጠው ከወገብ በታች ያለው ነው፤ በተለይም ምጡ በወገቧ ለሚበረታባት እናት። እናትየዋ በጎኗ ተኝታ፣ አልጋ ወይም ወንበር ተደግፋ አለዚያም በእጅና በጉልበቷ ተንበርክካ ሳለች ከመቀመጫዋ በላይ በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ ጎድጓዶች ይታያሉ ወይም በጣት ይዳሰሳሉ። ነጥቡ በእያንዳንዱ ጎድጓድና በአከርካሪው መካከል ይገኛል። ከዳሌ አካባቢ ስሜት የሚያመጡ ነርቮች ወደ አከርካሪ የሚገቡት በዚህ አጥንት በኩል ነው። እዚህ ቦታ ላይ አውራ ጣት ቶሎ ስለሚደክም በመዳፍ ሥር ወይም በጣት አንጓ መጫን ይሻላል፤ ደጋፊዋም ክንዷን ዘርግታ በሰውነቷ ክብደት ብትጫን ሳትደክም ለረጅም ጊዜ መቆየት ትችላለች።

ሁለተኛው ነጥብ በእጅ ላይ ነው። ቻይናውያን ሄጉ ይሉታል፤ ትርጉሙም የሸለቆዎች መገናኛ እንደማለት ነው። የሚገኘው በእጅ ጀርባ፣ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ባለው ሥጋ ውስጥ፣ ከአመልካች ጣት አጥንት መሃል አጠገብ ነው። እናትየዋ ማንንም ሳትጠብቅ ራሷ ልትጫነው የምትችለው በመሆኑ አጋዥ ለጊዜው ወጣ ባለበት ሰዓት ይጠቅማል።

ሦስተኛው በኮሪያው ጥናት የተጠቀሰው የእግር ነጥብ ሲሆን፣ ስሙ ሳንዪንጃው ይባላል። ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ጫፍ በላይ በአራት ጣት ስፋት ከፍ ብሎ፣ ከቅልጥም አጥንት ጀርባ ይገኛል። የሚለካው በእናትየዋ በራሷ ጣቶች ነው፤ የደጋፊዋ እጅ ትልቅ ወይም ትንሽ ከሆነ ነጥቡ ይስታልና። አራተኛው በአንገት ሥርና በትከሻ ጫፍ መካከል፣ ጡንቻው ከፍ ያለበት ቦታ ነው፤ ምጡ ሲጀምር ወደ ታች ይጫኑታል።

አጫጫኑ ቀላል ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። እጅ ታጥቦ፣ ጥፍር ተቆርጦ፣ ምጡ መምጣት እንደጀመረ ግፊቱ ይጀመራል፤ ምጡ እስኪበርድ ድረስም ሳይለቅ ይቆያል። በሁለት ምጥ መካከል ያርፋል። ግፊቱ ጠንከር ያለ ሆኖ ስለታም ሕመም የማያስከትል መሆን አለበት። ምን ያህል ይበቃል የሚለውን የምትወስነው እናትየዋ ብቻ ናት። “ጨምሪ” ካለች ይጨመራል፤ “ተዪኝ” ካለች ወዲያውኑ ይቆማል። ምጥ እየገፋ ሲሄድ ቀደም ሲል የወደደችው ንክኪ ሊያስጠላት ይችላል፤ ይህ የተለመደ ነው፤ ደጋፊዋም ቅር ልትሰኝ አይገባም።

እርግዝናዋ 37 ሳምንት ያልሞላት እናት የእጁን፣ የእግሩንና የትከሻውን ነጥቦች እንድትጫን አይመከርም። ክልከላው በዋናነት ከነባሩ የቻይና ሕክምና ልማድ የመጣ ቢሆንም፣ ጥንቃቄው ምንም ስለማያስከፍል መከተሉ ይበጃል። ቁስል፣ ያበጠ የደም ሥር ወይም ሽፍታ ያለበት ቦታ ላይ ግፊት አይደረግም። አንድ እግሯ ብቻ ያበጠ፣ የሞቀና የሚያማት እናት የደም መርጋት ሊኖርባት ስለሚችል እግሯ ሳይታሽና ሳይጫን በአስቸኳይ በሐኪም መታየት አለባት።

ሆድን መጫን አኩፕሬሸር አይደለም

በኢትዮጵያ በምጥ ላይ ያለችን ሴት በእጅ መርዳት አዲስ ነገር አይደለም። በብዙ አካባቢዎች እናቶችና ጎረቤቶች ምጥ የያዛትን ሴት ከኋላ ደግፈው ይይዟታል፣ ወገቧን በቅቤ ያሹላታል፣ በየእምነታቸውም ይለምኑላታል። ይህ ልማድ ከላይ ከተገለጸው ዘዴ ጋር ብዙ የሚያመሳስለው ነገር አለ፤ ሊጠበቅም ይገባዋል። በጤና ተቋም በር ላይ መቅረት ያልነበረበት መልካም ነገርም ይኸው ነው።

ከዚሁ ጎን ለጎን ግን አደገኛ ልማድ አለ። ምጥ ሲዘገይ ሕፃኑን ለማስወጣት ወይም “ለማስተካከል” የእናትየዋን ሆድ በኃይል ማሸት፣ መጫን ወይም በጨርቅ ማሰር በአንዳንድ አካባቢዎች አሁንም ይታያል። ሕፃኑ ያልወጣው በመንገዱ ጥበት ወይም በአመጣጡ ምክንያት ከሆነ፣ ከላይ የሚደረግ ግፊት መንገዱን አይከፍተውም። ማህፀን እንዲቀደድ፣ የእንግዴ ልጅ ያለጊዜው እንዲላቀቅ፣ ሕፃኑም እንዲጎዳ ሊያደርግ ይችላል። የተቀደደ ማህፀን በሰዓታት ውስጥ እናትን በደም መፍሰስ ይገድላል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ፣ ሕፃኑን ለማስወጣት የማህፀንን አናት በእጅ መጫን እንደማይመከር በግልጽ አስፍሯል። ይህ በቤት ለሚያዋልዱ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በጤና ተቋም ውስጥ ለሚሠሩ ባለሙያዎችም ጭምር ነው።

ስለዚህ ድንበሩ ግልጽ ነው፦ ወገብ፣ ትከሻ፣ እጅና እግር ይጫናል፤ ሆድ አይጫንም። “ነጥብ ነው” ተብሎ ሆድን ለመጫን የሚቀርብ ማንኛውም ሐሳብ ውድቅ መደረግ አለበት።

እፎይታው አደጋን መሸፈንም የለበትም። ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ የእንሽርት ውሃ አረንጓዴ መሆን ወይም መሽተት፣ የእትብት ቀድሞ መውጣት፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም ከ12 ሰዓት በላይ የቆየ ምጥ ከታየ ባለሙያ ወዲያውኑ ይጠራል፤ እናትየዋ በቤት ካለችም ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ትወሰዳለች። ምጥ በሁለት ምጥ መካከል ሳይበርድ የሚቀጥል፣ ሆድን እንደ ድንጋይ የሚያደርቅ ሕመም ከሆነም እንዲሁ። እንዲህ ያለ ሕመም የሚታከም እንጂ በጣት የሚታለፍ አይደለም።

ርካሽ መሆኑ ሰበብ እንዳይሆን

አኩፕሬሸር መሣሪያና ገንዘብ የማይጠይቅ መሆኑ መልካም ጎኑ ነው፤ አሳሳች ጎኑም ይኸው ነው። በኢትዮጵያ በአብዛኞቹ ጤና ጣቢያዎች ኤፒዱራል አይሰጥም፤ የሰለጠነ የማደንዘዣ ባለሙያና የማያቋርጥ ክትትል ይጠይቃልና። ይህ እጥረት በአኩፕሬሸር ይሞላል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ ሕመማቸው እንዲታገስላቸው ለሚጠይቁ ጤናማ ነፍሰ ጡሮች ማሸትን፣ ሙቅ ጨርቅንና የማዝናኛ ስልቶችን የሚመክረው ኤፒዱራልንና በመርፌ የሚሰጡ የሕመም ማስታገሻዎችን ከሚመክርበት በዚያው ሰነድ ውስጥ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ማስታገሻ መድኃኒት የጠየቀች እናት “ቻይው፣ ወገብሽን እናሽልሽ” ተብላ ብቻ ልትመለስ አይገባም። አኩፕሬሸር ሞክራ መድኃኒት የመረጠችም እናት አልተሸነፈችም።

አጠገቧ ማን ይሁን?

ዘዴው የሚሠራው ሰው ሲኖር ነው። በማዋለጃ ክፍል አንዲት ሚድዋይፍ ብዙ እናቶችን በአንድ ጊዜ በምትከታተልበት ሁኔታ ለሰዓታት የአንዷን ወገብ ይዛ መቀመጥ አትችልም። ባሏ፣ እናቷ፣ እኅቷ ወይም ጓደኛዋ ግን ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣና ከ15,000 በላይ እናቶችን ያካተተ የኮክሬን ግምገማ በምጥ ጊዜ የማያቋርጥ ድጋፍ ያገኙ እናቶች ምጣቸው አጠር እንደሚል፣ በራሳቸው የመውለድ ዕድላቸው እንደሚጨምርና ስለ ወሊዳቸው መጥፎ ስሜት የመያዝ ዕድላቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል። የዓለም የጤና ድርጅትም እያንዳንዷ እናት ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል።

በተግባር እንቅፋት የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ቦታ ነው። በአንድ ክፍል ብዙ እናቶች በሚያምጡበት ተቋም የአንዷ ባል መግባቱ የሌላዋን ገመና ይነካል። መጋረጃ ማበጀት ወይም ባል መግባት በማይችልበት ጊዜ ሴት ደጋፊ እንድትገባ መፍቀድ ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ሚድዋይፏ እናትየዋን በተቀበለችበት ሰዓት ለደጋፊዋ ሁለቱን የወገብ ነጥቦች በአምስት ደቂቃ ውስጥ ማሳየት ትችላለች።

ከዚያ የሚሻለው ግን ምጥ ሳይመጣ መማር ነው። በእርግዝና ክትትል የመጨረሻ ቀጠሮዎች ላይ ወይም በእናቶች ማቆያ ቤት፣ እናቶች ገንፎና ቡናቸውን ይዘው በሚሰባሰቡበት ሰዓት፣ የወገቡን ነጥብ መፈለግና የግፊቱን ልክ መስማማት ይቻላል። በዚያው ወቅት እናትየዋ አብሯት የሚሆነውን ሰው ስም ለሚድዋይፏ ታስመዘግባለች፤ ያ ሰው ካልደረሰ የሚተካውንም እንዲሁ። ደጋፊው ደግሞ ሦስት ነገሮችን አውቆ ይመጣል፦ የት እንደሚጫን፣ መቼ እንደሚያቆምና ባለሙያ መቼ እንደሚጠራ።